ፈተና ክፍል ውስጥ ጠፍቶ በር ላይ የሚገኘው ትምህርት

 

የዛሬው በተለይ ለተማሪዎችና ሂፍዝ ላይ ላላችሁ ነው። ስታጠኑት ያደራችሁት ነገር ፈተና ክፍል ውስጥ ድራሹ ጠፍቶ፣ ወረቀቱን አስረክባችሁ ከበር ስትወጡ ቁልጭ ብሎ መጥቶላችሁ ያውቃል? ቤት ውስጥ ያለ ስህተት የቀራችሁት ሱራ ኡስታዙ ፊት ስትቀመጡ አልመጣም ብሏችሁስ?

ብዙ ወጣት ከዚህ ተነስቶ ወይ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላል፤ ወይ «ወንጀሌ በዝቶ ነው» ብሎ ሂፍዙን ይተዋል። ኢስቲግፋር ማብዛት ሁሌም ኸይር ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ሰበቡን ሳያጣሩ በራስ ላይ መፍረድ ደግሞ ተገቢ አይደለም።

ሰበቡን ሲፈልጉ ከኖሩት ሰዎች አንዱ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሠራው የአንጎል ተመራማሪ ብሩስ ማክዩን ነው። ስንጨነቅ ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይረጫሉ። ማክዩንና ባልደረቦቹ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ በአይጦች ላይ የዚህ ሆርሞን አቻ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ተይዞ እንደሚቀር አሳዩ። ሂፖካምፐስ ደግሞ አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት ቦታ ነው። ጭንቀት «የስሜት ጉዳይ» ብቻ አለመሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የበለጠ ያስደነግጣል። አይጦች ለ21 ቀናት፣ በየቀኑ ለ6 ሰዓት ጠባብ መያዣ ውስጥ ሲቆዩ፣ የሂፖካምፐስ ነርቮቻቸው ቅርንጫፎች አጠሩ። ሱብሓነላህ፣ ጭንቀቱ ሲቆም ግን ቅርንጫፎቹ መልሰው አደጉ።

«እኛ አይጥ አይደለንም» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። በ2009 ማክዩን የተሳተፈበት ሌላ ጥናት ለትልቅ ፈተና ሲዘጋጁ ወር ያህል የተጨነቁ 20 የሕክምና ተማሪዎችን፣ ካልተጨነቁ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸረ። የተጨነቁት ትኩረታቸውን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ማዛወር ከበዳቸው። ፈተናው አልፎ አንድ ወር ካረፉ በኋላ ሲመረመሩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። የተማሪዎቹ አእምሮ ተዳክሞ እንጂ ተበላሽቶ አልነበረም።

ወደ በሩ ጉዳይ እንመለስ። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዶሚኒክ ደ ኬርቫን ከባልደረቦቹ ጋር በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ቃላት አጥንተው በማግስቱ ሊጠየቁ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ኮርቲዞን ዋጡ፤ ሰውነት ይህን ወደ ኮርቲሶል ይለውጠዋል። የሚያስታውሷቸው ቃላት ቀነሱ። ከማጥናታቸው በፊት ወይም እንዳጠኑ ወዲያው ሲወስዱት ግን ይህ አልታየም። እንግዲህ የተጎዳው ያስቀመጡትን የማውጣቱ ሥራ ነው። ያጠናችሁት እዚያው አለ፤ ድንጋጤው በሩን ይዞባችኋል።

ይህን ለስንፍና ሽፋን የሚያደርግ እንዳይኖር አደራ። ያልተቀራ ነገር ኮርቲሶል አልወሰደውም! ሁሉም ጭንቀት ጠላት ነው ማለትም አይደለም፤ አጭርና መጠነኛው ያነቃል፣ ማክዩን ራሱም ይህን ደጋግሞ ይል ነበር። የሚጎዳው ሳያባራ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆየው ነው።

ስለዚህ የፈተና ዋዜማ ሌሊት እንቅልፍን ሠውቶ ማጥናት ኪሳራ ነው፤ በቀን የተማርነው የሚረጋው ስንተኛ ነውና። ብቻችሁን ብቻ አትቅሩ፤ ጓደኛ ፊት፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ሰው ፊት አሰሙ። ድንጋጤውን ቀድማችሁ ተለማመዱት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር አትርሱ፤ መጨነቃችሁ ብቻውን የኢማን ጉድለት ማስረጃ አይደለም። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ልጆች ለምታስቀሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ነገር፦ አለንጋ ይዞ «ቅራ!» ማለት፣ ልጁ የያዘውን አያ በዚያች ቅጽበት እንዳያወጣ መከልከል ነው። አለንጋውን አስቀምጡ፤ ውኃ ይጠጣ፣ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ ከዚያ እንደገና ያሰማችሁ።