ቶሚ አትኪንስ፦ ቀዩ ማንጎ ከየት መጣ?

በዛሬው የትምህርት ገጻችን ፊቱ ቀላ ያለውን፣ ቶሚ አትኪንስ የሚባለውን ማንጎ እናያለን። አገር ገብታችሁ ባጠራቀማችሁት ገንዘብ ማንጎ ለመትከል የምታስቡ በተለይ በደንብ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱ፦ የማንጎ ጥንተ አገሩ ሕንድና አካባቢዋ ነው። በ1889 ሙልጎባ የሚባል ዝርያ ከሕንድ ወደ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ገባ። በ1902 ካፒቴን ሃደን የተባለ ሰው የሙልጎባን ፍሬ ተከለ፤ በዓመቱ ግን ሞተ። ሚስቱ ተንከባክባ በ1910 ዛፉን ለፍሬ አበቃችው፤ ሃደንም ተባለ። ቶሚ አትኪንስ የሃደን ልጅ ነው። በ1922 እዚያው ፍሎሪዳ ተተከለ፤ ስሙን ያገኘው ከባለቤቱ ከቶማስ አትኪንስ ነው። በ1950ዎቹ የፍሎሪዳ ማንጎ ፎረም ቃጫ ይበዛዋል ብሎ አልቀበልም አለው። ነጋዴው ግን ወደደው።

ጠባዩ፦ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ መንገድ ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ በሽታም ይቋቋማል። አንዱ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ጣዕሙ መካከለኛ ነው። ቅላቱ ግን እንዳያታልላችሁ፤ ጥሬም ሆኖ ይቀላል። ኪት የሚባለው ማንጎ ደግሞ በስሎም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ማዳም "የበሰለ አምጪ" ስትል በቀለም አትምረጡ። በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት፣ በእጀታው በኩልም አሽትቱት።

የት ይበቅላል፦ እዚህ ሳውዲ በጂዛን፣ በአገራችን ደግሞ በላይኛው አዋሽ ይበቅላል።

ዋናው ቁም ነገር፦ የጣፈጣቸውን ማንጎ ፍሬ አድርቀው ወደ አገር ሊልኩ የሚያስቡ አሉ። ይህ በሁለት ምክንያት አይሆንም። አንደኛ፣ የማንጎ ፍሬ በጣም ከደረቀ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ቢበቅል እንኳ ልጁ ብዙ ጊዜ እናቱን አይመስልም፤ ቶሚም ራሱ ሃደንን አልሆነም። ዓመታት ጠብቆ ሌላ ማንጎ መልቀም ደግሞ ኪሳራ ነው። የሚያዋጣው የተዳቀለ ችግኝ ነው፦ ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ያለው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል።

ችግኝ ስትገዙ ወይም ቤተሰብ ስታስገዙ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት አይረሳ። በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ተባይ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ከችግኝ ጋር ይጓዛል።

ለውይይት፦
1. ቃጫ አለው የተባለ ማንጎ ገበያውን ለምን አሸነፈ?
2. ከፍሬ የበቀለና የተዳቀለ ችግኝ ልዩነታቸው ምንድን ነው?


እህታችሁ፣ ከመንፉሐ