የቢራ አተላ ሲገዛ ውኃውም ይታሰብ

በእንጦጦ ማርያም አካባቢና ከተራራው ወዲያ በሱሉልታ መንገድ የወተት ላሞች የሚያረቡ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው መኖዎች አንዱ አተላ ነው። የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ የፋብሪካ አተላ ተጨምሯል። ብዙዎች የሚገዙት ርካሽ ነው በሚል ነው። ርካሽነቱ የሚለካው ግን በኩንታሉ ዋጋ ሳይሆን በኩንታሉ ውስጥ ባለው ምግብ ነው።

ብቅል ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ ስኳሩ ሟሙቶ ወደ ቢራው ይሄዳል። የገብሱ ገለፈትና አብዛኛው ፕሮቲን ይቀራል። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ ወደ 20 ኪሎ ግራም እርጥብ አተላ ይወጣል። ከዚህም ከ75 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። ውኃው ሲወጣለት ከሚቀረው ደረቅ ክፍል ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው።

ከፉርሽካ ጋር ሲነጻጸር

በአንድ ኩንታል እርጥብ አተላ ውስጥ ደረቁ ምግብ 22 ኪሎ፣ ፕሮቲኑ 5.5 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ኩንታል የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ በአንፃሩ ደረቁ 88 ኪሎ፣ ፕሮቲኑ 14 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኩንታል አተላ በደረቅ ምግብ የፉርሽካን ሩብ፣ በፕሮቲን ደግሞ ከመቶ 39 እጅ ያህሉን ይተካል።

ለስሌት ያህል ፉርሽካ በኩንታል 2,000 ብር ነው እንበል። አተላው እቤት ደርሶ ከ500 ብር በታች ከሆነ ያለጥርጥር ያዋጣል። ከ780 ብር በላይ ከሆነ መተው ይሻላል። በመካከል ያለው የሚያዋጣው ፕሮቲን ለጎደለው፣ ጭድና ድርቆሽ በብዛት ለሚያበላ አርቢ ነው።

«እቤት ደርሶ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። የሄይኒከን ፋብሪካ ያለበት ቂሊንጦ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ሲሆን፣ እንጦጦ ማርያም በሰሜኑ ዳገት 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዳገቱን ከሚወጣው ጭነት ከሦስት አራተኛ በላዩ ውኃ ነው። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

ብልሽት የሚያስከትለው ኪሳራ

እርጥብ አተላ በሙቀት ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል። የእንጦጦ ብርድ ጥቂት ቀን ቢያቆየውም አያድነውም። በ500 ብር ከተገዛው አንድ አምስተኛው ቢጣል የቀረው በ625 ብር ሒሳብ እንደተገዛ ይቆጠራል። መፍትሔው በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ አጥብቆ መዝጋት ነው። በዚህ መንገድ ኮምጥጦ ለሳምንታት ይቆያል። የሻገተውን ግን ማብላት አይገባም።

ይህ የጤናም ጉዳይ ነው። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከመኖ ወደ ወተት ያልፋል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከናሙናዎቹ ከ90 በመቶ በላዩ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን ያለፈ መርዝ እንዳለበት አሳይቷል። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያም ሆኖ እርጥብ አተላ በአያያዝ ጉድለት ቶሎ ስለሚሻግት ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለአንዲት የወተት ላም በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ እርጥብ አተላ ከበቂ በላይ እንዳይሆን ከጭድ ወይም ከድርቆሽ ጋር መስጠት ይገባል። ካልሲየም ስለሚያንሰው የመኖ ኖራ ይጨመርበታል።

ሌሎች ጥቅሞች

አተላ ደርቆ ሲፈጭ በጥቂቱ ከዳቦ ዱቄት ጋር ይደባለቃል፤ እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ተጠቅጥቆ ማገዶም ይሆናል። የማገዶ እንጨት በሸክም ከተራራው ለሚወርድበት ለእንጦጦ ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ማራኪ ነው። ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ከአንድ ኩንታል አተላ 75 ኪሎ ያህል ውኃ ማስወጣት ያስፈልጋል። በበጋ ፀሐይ ይህን በነፃ ትሠራለች፤ በክረምት ግን ማድረቂያው ራሱ ማገዶ ይበላል። ስለዚህ ለጊዜው ከሁሉ የሚያዋጣው እርጥቡን ፋብሪካው አቅራቢያ ላለ ላም ማብላት ነው።

አርቢው የጾሙንም ወቅት ማሰብ አለበት። በዐቢይ ጾም የወተት ፈላጊ ሲቀንስ ፉርሽካ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል፤ እርጥብ አተላ ግን አይጠብቅም። ለጎረቤት ተካፍሎ አንድ መኪና መጫን የትራንስፖርቱንም የብልሽቱንም ወጪ ይቀንሳል።