ያልደረሰ ኢሜይል የት እንደ ቆመ ስለ መመርመር

በሳንሱሲ መጋዘን ያለው አንድ አስመጪ ፕሮፎርማ እንዲላክለት ለውጭ አገር ሻጭ በኢሜይል ጽፎ ሦስት ቀን መልስ ቢያጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማው ሻጩን ነው። ዳሩ ግን ደብዳቤው ከራሱ ንግድ ቤት አልወጣ ይሆናል። ኢሜይሉ የሚላከው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት በንግድ ቤቱ ሰርቨር እንደ ሆነ፣ ምርመራው መጀመር የሚገባው ከዚያው ነው።

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በሰፊው የሚሠራበት ፖስትፊክስ የተባለው ፕሮግራም፣ ተቀባዩን ለጊዜው ማግኘት ሲያቅተው ደብዳቤውን በወረፋ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። ባለሙያ ካልለወጠው በቀር እስከ 5 ቀን ድረስ ለላኪው ሳያስታውቅ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ሊያልፍ ስለሚችል ዝምታው ራሱ ኪሣራ ያመጣል።

አንደኛ፤ ወረፋውን መመልከት ነው። «ሜይልኪው» የተባለው ትእዛዝ ያልሄዱትን ደብዳቤዎች ከነምክንያታቸው ይዘረዝራል።

ሁለተኛ፤ የሰርቨሩን የኢሜይል መዝገብ ማንበብ ነው። የተቀባዩ ሰርቨር መልስ በ2 ቢጀምር ደብዳቤውን ተረክቧል፤ ስለዚህ ተቀባዩ የአላስፈላጊ መልእክቶችን ሣጥን እንዲፈትሽ መጠየቅ ይበቃል። በ4 ቢጀምር እንቅፋቱ ጊዜያዊ ነው። በ5 ቢጀምር ግን ፈጽሞ አልተቀበለም ማለት ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን ሳያርሙ ደጋግሞ መላክ ጥቅም የለውም። ወደ የትኛውም ሰርቨር መገናኘት ካልተቻለ፣ ኢሜይል የሚወጣበት 25ኛው ፖርት ተዘግቶ እንደ ሆነ የኢንተርኔት አቅራቢውን መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የላኪውን ማንነት ማረጋገጥ ነው። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2016 ዓ. ም. አካባቢ ጀምሮ ደንባቸውን አጥብቀዋል። ኤስፒኤፍ በንግድ ቤቱ ስም ለመላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ያስታውቃል፤ ዲኪም ደግሞ በደብዳቤው ላይ እንደ ማኅተም ያለ ፊርማ ያኖራል። ከዚህም ሌላ የሰርቨሩ የአይፒ ቍጥር በስም መመዝገብ አለበት። ይህን የሚያስመዘግበው የቍጥሩ ባለቤት፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢው ስለ ሆነ፣ ባለሙያው በሰርቨሩ ላይ ቢደክም አይሳካለትም።

በመጨረሻም፣ ደብዳቤ ከ4 ሰዓት በላይ ሲዘገይ ሰርቨሩ ለላኪው እንዲያስታውቅ ማዘዝ ይቻላል። ጸሐፊውም የተቀባዩን አድራሻ፣ የተላከበትን ሰዓትና የመልሱን ቍጥር ጽፎ ለባለሙያው ቢያቀርብ ሥራው ይፋጠናል፤ ሻጩም ያለ ጥፋቱ ከመታማት ይድናል።