የነፍሰ ጡር ጉበትና የደም ምርመራ

በሚርዲፍም ሆነ በአዲስ አበባ ያለች ነፍሰ ጡር እህታችንን ሌሊት ሌሊት መዳፏንና ውስጥ እግሯን ቢያሳክካት «ሙቀቱ ነው» ብለን ማለፍ የለብንም። ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ሐሞት በጉበት ውስጥ መታቆሩን ሊያመለክት ይችላል።

አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኤንዛይም እዚህ ላይ ያሳስታል፤ እንግዴ ልጁም ስለሚያመነጨው በጤነኛ እርግዝና እንኳ ከፍ ይላል። ኤ.ኤል.ቲ. ግን በጤነኛ እርግዝና አይጨምርም፤ ከጨመረ ምክንያቱ ይፈለግ። ዋናው የሐሞት አሲድ ልኬት ነው። በሊትር 100 ማይክሮሞል ሲደርስ ሕፃኑ በማሕፀን የመሞት አደጋው በግልጽ እንደሚያይል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት አሳይቷል።

ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ማሳከክን አንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች ካምፖች የታየው ሄፓታይተስ ኢ ነፍሰ ጡሮችን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይገድላል፤ የጉበትና የቫይረሱ ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግ።