ዝናን መመዘን

ሀ. መግቢያ

አመዛዛኝ ድርሰት የሚባለው ጸሐፊው አንድ አከራካሪ ጉዳይ አንሥቶ፣ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ማስረጃ ጎን ለጎን ካቀረበ በኋላ የራሱን ፍርድ የሚሰጥበት የድርሰት ዓይነት ነው። «ፍርድ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ቢበይን ፍርድ ሰጠ አይባልም፤ ጸሐፊም እንደዚሁ ነው።

የዝና ጉዳይ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት እጅግ የተመቸ ነው። ስለ አንድ መምህር፣ ስለ አንድ ሐኪም ወይም ስለ አንድ አሠልጣኝ «ስመ ጥር ነው» ሲባል እንሰማለን፤ የሰማነውንም ሳንመረምር ለሌላው እናስተላልፋለን። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነቅፈው ይህንኑ ልማድ ነው። ነገሩ በቀላል የሚታይ አይደለም። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለማን አደራ እንደሚሰጡ የሚወስኑት ዝናን ተከትለው ነው። ዝናው ያለ አግባብ የተገኘ ከሆነ የልጁ ዕድሜና የወላጁ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። የተገባ ሆኖ ሳለ ከተነፈገ ደግሞ የደከመ ሰው ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ ዝናን መመዘን ከወሬ የተለየ፣ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ለአሠልጣኙ የሚመሰክረውን ሐሳብ በአንድ ወገን፣ በእርሱ ላይ የሚመሰክረውን በሌላ ወገን እየለያችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።

የኒክ ቦሌቲየሪ ዝና

ኒክ ቦሌቲየሪ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት ተወልዶ በ2022 ያረፈ የቴኒስ አሠልጣኝ ነው። በኮሌጅ የተማረው ፍልስፍና ነበር። በአየር ወለድ ጦር ውስጥ ካገለገለ በኋላ ሕግ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን አቋረጠ። ቴኒስ ማስተማርን የያዘው ገንዘብ ለማግኘት ሲል ነበር። እርሱ ራሱ በታላላቅ ውድድሮች ስሙ የተጠራ ተጫዋች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በፍሎሪዳ ግዛት ወጣቶች እዚያው እያደሩ የሚሠለጥኑበትን አካዳሚ አቋቋመ። ይህ በብራደንተን ከተማ የታወቀው አካዳሚ በ1987 አይ.ኤም.ጂ. ለተባለ ድርጅት ተሸጠ፤ ቦሌቲየሪ ግን ከዚያም በኋላ በዚያው ማሠልጠኑን ቀጠለ። በ2014 ስሙ በዓለም አቀፉ የቴኒስ የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

አድናቂዎቹ እንደሚሉት በዓለም የአንደኛነትን ደረጃ ከያዙት ተጫዋቾች መካከል አሥር ያህሉ በእርሱ እጅ አልፈዋል። ከእነዚህም ውስጥ አንድሬ አጋሲ፣ ጂም ኩሪየር፣ ሞኒካ ሴሌስና ቦሪስ ቤከር ይገኛሉ። አጋሲ እ.ኤ.አ. በ1992 የዊምብልደንን ዋንጫ ሲያነሣ አሠልጣኙ ቦሌቲየሪ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አድናቂዎቹ የሚያነሡት የአሠራሩን አዲስነት ነው። ቦሌቲየሪ ተስፋ የሚጣልባቸውን ልጆች ከየአገሩ በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ የቀለም ትምህርታቸውንና ልምምዳቸውን በአንድ የቀን መርሐ ግብር አጣመረ፤ ጎበዝም ከጎበዝ ጋር በየቀኑ እንዲጋጠም አደረገ። ይህ አሠራር ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተቀድቷል።

ነቃፊዎቹ ግን ሌላውን ገጽ ይገልጣሉ። አጋሲን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በላስ ቬጋስ ቴኒስ ያስተማረው አባቱ ነው። ልጁ ወደ አካዳሚው የተላከው በ13 ዓመቱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የመሠረቱን ትምህርት ጨርሶ ነበር። በዓለም አንደኛ የሆነው በ1995፣ ከቦሌቲየሪ ከተለየ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ አሠልጣኝ ሥር ነው። አጋሲ በ2009 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አካዳሚውን ከእስር ቤት ጋር አመሳስሎታል። ሴሌስንም ያስተማራት አባቷ ነው፤ እርሱም በሙያው የካርቱን ሠዓሊ ነበር። እርሷ በ1990 ከአካዳሚው ወጣች፤ አንደኛ የሆነችው በ1991 ነው። ኩሪየር በ1989 በፈረንሳይ ውድድር ከአጋሲ ጋር ሲጋጠም ቦሌቲየሪ ከአጋሲ ወገን ተቀመጠ፤ ጨዋታውን ያሸነፈው ኩሪየር ነበር፤ ከዚያም አሠልጣኙን ተወ። በ1992 ወደ አንደኛነት ሲወጣ አብሮት የነበረው ሆዜ ሂጌራስ ነው። ቤከር ደግሞ በ1991 አንደኛ ሆኖ ነበር፤ ከቦሌቲየሪ ጋር መሥራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. አሥር የዓለም አንደኞች ከአካዳሚው ወጡ።
2. አካዳሚው አሥር የዓለም አንደኞችን አወጣ።

የሁለቱ ግሦች ልዩነት «አ» የምትባለው ባዕድ መነሻ ብቻ ናት። ይህች ፊደል የማይሻገረውን ግሥ ተሻጋሪ ታደርገዋለች፤ ባለቤቱንም ትለውጣለች። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቶቹ ተጫዋቾቹ ናቸው፤ አካዳሚው ያለፉበት ስፍራ ነው። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ አካዳሚው ነው፤ ተጫዋቾቹ ተሳቢ ሆነዋል። እንግዲህ በአንዲት ፊደል ምስጋናው ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው። «ሠለጠነ» እና «አሠለጠነ»፣ «አደገ» እና «አሳደገ» የሚሉትም ግሦች እንዲሁ ናቸው። አንድ ልጅ በአንድ ቤት አደገ ማለት የቤቱ ባለቤት አሳደገው ማለት ላይሆን ይችላል።

የቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልም ተመሳሳይ ኀይል አለው። «ቤከር መጥቶ አንደኛነትን አገኘ» ብንል ምስጋናው ለአሠልጣኙ ይደርሳል። እውነቱ ግን «ቤከር አንደኛነትን አግኝቶ መጣ» የሚለው ነው። ቃላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የግሦቹ ተራ ነው፤ ከተራው ጋር ግን ታሪኩ ተገለበጠ። ስለዚህ የአንድን ሰው ዝና የሚናገር ጽሑፍ ስታነቡ በቅድሚያ ግሦቹን መርምሩ። ማን አደረገ? መቼ አደረገ? ከእርሱ በፊትና በኋላስ ማን ነበረ?

መ. ፍርዱ እንዴት ይሰጣል?

ማስረጃ ከተሰበሰበ በኋላ ክርክሩን በክፍል በክፍል መለየት ይገባል። «ዝናው ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን አምቆ ይዟል።

የመጀመሪያው የማስረጃ ወረቀትና የሙያ መነሻ ጥያቄ ነው። ቦሌቲየሪ ታላቅ ተጫዋች አልነበረም፤ የተማረውም ሌላ ትምህርት ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ብቻውን ፍርድ ለመስጠት አይበቃም። መጫወትና ማስተማር ሁለት ልዩ ልዩ ችሎታዎች ናቸውና። የመምህር ችሎታ የሚታየው በተማሪው ላይ ነው።

ሁለተኛው ተጫዋቾቹን እርሱ አፍርቷቸዋል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ዝናው ከሥራው ልክ በላይ ሆኖ ይታያል። በምንባቡ ከተጠቀሱት አራት ተጫዋቾች መካከል ከእርሱ ጋር ሳለ በዓለም አንደኛ የሆነ የለም። ደግሞም የአሸናፊዎች ዝርዝር ብቻውን ሙሉ ምስክር አይሆንም። ስንት ልጆች ገብተው ስንቱ ያሰቡት ደረጃ ሳይደርሱ እንደ ተመለሱ ዝርዝሩ አይነግረንም። ዘጠና ዘሩን ትቶ የበቀለውን አሥር ብቻ የሚያሳይ ገበሬ ስለ እርሻው እውነቱን ሁሉ ተናገረ አይባልም።

ሦስተኛው አንድ አዲስ ነገር ፈጥሯል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ምስክሩ የጸና ነው። አጋሲን የመሰለ ልጅ፣ አባቱ ከሦስት ወር ያህል በላይ ሊከፍልለት ሳይችል፣ ቦሌቲየሪ ችሎታውን አይቶ ያለ ክፍያ እንዲቆይ ፈቅዶለታል። ተሰጥኦን ማወቅ፣ ያወቁትንም ከእኩዮቹ ጋር አገናኝቶ ማትጋት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የአንድ ስፖርት ሥልጠና በዓለም ዙሪያ የሚካሄድበትን መንገድ መለወጥም የጥቂት ሰዎች ዕድል ነው።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ የሚከተለው ነው። ቦሌቲየሪ የቤት ሠሪነት ዝና ይገባዋል፤ ያም ታላቅ ዝና ነው። የሻምፒዮኖች ፈጣሪ የሚለው ስም ግን ለእርሱ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ከአባቶች፣ ከሌሎች አሠልጣኞች፣ ይልቁንም ከተጫዋቾቹ ከራሳቸው ጋር የሚካፈለው ነው። እንዲህ ብሎ መፍረድ ማራከስ አይደለም። ለእያንዳንዱ የድካሙን ያህል መስጠት ነው። እናንተም በቂ ምክንያት ካቀረባችሁ ከዚህ የተለየ ፍርድ ልትሰጡ ትችላላችሁ።

ሠ. መልመጃ

1. ለአሠልጣኙ የሚመሰክሩ ሦስት ነጥቦችንና በእርሱ ላይ የሚመሰክሩ ሦስት ነጥቦችን በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።

2. አጋሲ ስለ አካዳሚው የጻፈው ምስክርነት የአሠልጣኙን ችሎታ የሚነካ ነው ወይስ የአያያዙን ሁኔታ? ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉን? አስረዱ።

3. የሚከተሉትን የማይሻገሩ ግሦች «አ»ን ወይም «አስ»ን በመጨመር ተሻጋሪ አድርጓቸው፤ በእያንዳንዱም ጥንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ ደረሰ፣ ገባ፣ ታወቀ፣ በቀለ። ምስጋናው ወይም ወቀሳው ከማን ወደ ማን እንደ ተሻገረም ግለጹ።

4. «ሴሌስ አንደኛ ሆና ከአካዳሚው ወጣች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር አስተያይታችሁ አርሙ።

5. በአካባቢያችሁ ዝና ያለው አንድ ባለሙያ፣ ለምሳሌ መምህር፣ ሸማኔ፣ አናጢ ወይም የስፖርት አሠልጣኝ ምረጡ። ዝናውን የሚመዝን ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ደጋፊ ማስረጃ፣ በሦስተኛው ተቃራኒ ማስረጃ አቅርቡ፤ በአራተኛው ፍርዳችሁን ከነምክንያቱ ስጡ። ከመጻፋችሁ በፊት በእርሱ የተደሰቱትን ብቻ ሳይሆን ትተውት የሄዱትንም ጠይቁ። ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ። ድርሰታችሁን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ግሥ እያሰመራችሁ «በእርግጥ ይህን ያደረገው እርሱ ነውን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።