የዱር አህያ

ከእንስሳት መካከል እንደ አህያ ለሰው የደከመ፣ እንደ አህያም የተናቀ የለም። እህሉን ከአውድማ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ገበያ የሚያደርስ እርሱ ነው፤ ደመወዙ ግን ዱላና ስድብ ነው። ሰው አህያን ካለመደው ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን ዘሩ ከወዴት እንደ መጣ የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። የለማዳ አህያ ሁሉ አባት የአፍሪካ የዱር አህያ ነው።

የዱር አህያ አካሉ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ እግሮቹም በጥቁር መስመር የተሸለሙ ናቸው። በመጽሐፈ ኢዮብ በ39ኛው ምዕራፍ ስለ ዱር አህያ ነጻነት የተነገረ ቃል አለ፤ ቤቱ ምድረ በዳ እንደ ሆነ፣ የነጂንም ጩኸት እንደማይሰማ ያስረዳል። ዛሬ ግን የአፍሪካ የዱር አህያ በእርግጥ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ በረሃ ብቻ ነው። የቀረውም ከጥቂት መቶ እንደማይበልጥ ይገመታል።

ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ አዳይቱ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በዚያ አገር የያንጉዲ ተራራና የራሳ ሜዳ አሉ። ይህ ስፍራ ለዱር አህያ መጠበቂያ ይሆን ዘንድ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ሆኖም መከለል ብቻውን መጠበቅ አይደለም። አዳኝ ስለ ሥጋውና ስለ መድኃኒት ገደለው፤ የከብትም መንጋ በሣርና በውሃ ተሻማው፤ ከለማዳ አህያ ጋር በመዳቀሉም ዘሩ ተቀላቀለ። እንስቲቱ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለ ሆነ፣ የጐደለው ቶሎ አይሞላም። ጥፋት እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳልና፣ በዚያ ሜዳ የዱር አህያ ቍጥር እጅግ አነሰ።

እንግዲህ የሚማርና አገር የሚጐበኝ ሰው በእንዲህ ያለው ስፍራ እንዴት ሊሆን እንደሚገባው በሚከተለው ምሳሌ ይታያል።

አንድ መምህር ደቀ መዛሙርቱን ይዞ በበጋ ወራት በበረሃ ሲጓዝ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ የዱር አህያ ከነውርንጭላዋ በሩቅ አየ። «መምህር፣ አውቶሞቢሉ ከመንገድ ወጥቶ ይከተላት፤ ከቅርብ ሆነን ፎቶግራፍ እናንሣ» አለ። መምህሩም ሊፈቅድ ሲል፣ ፍየል ይጠብቅ የነበረ አንድ የአፋር ሽማግሌ በትሩን ከፍ አድርጎ አስቆማቸውና እንዲህ አለ፦

«ልጆቼ፣ ያቺ እናት የመጣችው ውሃ ፈልጋ ነው። የምታጠባ አህያ ጥማትን ብዙ አትታገሥም። ብታሳድዷት ትሸሻለች፤ ከሸሸች ሳትጠጣ ትቀራለች፤ ሳትጠጣ ከቀረች ወተቷ ይደርቃል፤ ወተቷ ከደረቀ ውርንጭላው ይሞታል። እናንተ ፎቶግራፉን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ በድኑ ግን ለእኛ ይቀራል።»

ተማሪውም አፍሮ፣ ነገር ግን ደፍሮ፣ «አባቴ፣ የእርስዎስ ፍየሎች ውሃዋን ይጠጡባት የለምን?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አለና፣ «እውነት ተናገርህ። ውሃው ጥቂት ነው፤ የእኛም ልጆች ይጠማሉ። ስለዚህ ቀን መንጋችን ይጠጣል፤ ሲመሽ ግን ከውሃው ርቀን እንሰፍራለን። ሌሊቱ የእርሷ ነው» ሲል መለሰ።

መምህሩም የአውቶሞቢሉን ሞተር አስጠፍቶ፣ ከልጆቹ ጋር በአንድ ግራር ሥር ተቀመጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ እናቲቱ ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ውሃው ወረደች። ልጆቹም በዝምታ ከሩቅ ተመለከቷት። ፎቶግራፍ ለማንሣት ብርሃኑ አልበቃም፤ ነገር ግን ያዩትን አልረሱትም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እጅንና እግርን የማይገታ ትምህርት ገና ያልተፈጸመ ትምህርት ነው። ስለ ፍጥረት ብዙ አንብቦ ፍጥረትን የሚያሳድድ ሰው፣ ሳያነብ ከሚራራ እረኛ ያንሳል። ሁለተኛው፣ እንግዳ ለማየት የመጣበትን ነገር ሊያጠፋው አይገባም። ከመንገድ ባይወጣ፣ ከውሃ ቢርቅ፣ የአገሩንም ልጅ መሪ አድርጎ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍለው፣ የእርሱ መምጣት ለእረኛውም ለእንስሳውም ረድኤት ይሆናል። ሌሊቱን ለዱር አህያ የሚተው እረኛ ከገዛ መንጋው ጥቅም ቀንሶ ይሰጣልና፣ ጐብኚው ምንም ሳይሰጥ አይቶ ቢሄድ ግፍ ነው።

ሸክማችንን የተሸከመልን የአህያ ዘር አባቱ በምድራችን ይኖራል። እርሱን ማዳን ውለታን መክፈል ነው።

ጥያቄ።
1. የዱር አህያ ስለ ምን አነሰ?
2. ሽማግሌው ውሃውን ለመንጋውና ለዱር አህያ እንዴት አካፈለ?
3. በአገርህ ሰውና እንስሳ የሚሻሙበት ነገር ምንድር ነው? እንዴትስ ሊካፈሉት ይቻላል?