የእጣን ሙጫ የጤና ጥቅም፦ በጭሱ፣ በዘይቱ ወይስ በንጥሩ?

በላፍቶ፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሁሉ፣ ቡና ሲፈላ ፍም ላይ እጣን ይደረጋል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጉንፋን ለያዘውና ራሱን ለሚያመውም ይበጃል ተብሎ ይታመናል። የእጣን መድኃኒትነት በሳይንስ ተደግፏል ሲባል ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ የተጠናው የሙጫው ክፍል የትኛው ነው የሚለው ነው።

በመተማ፣ በቋራና በትግራይ ቆላማ ስፍራዎች የሚበቅለው የእጣን ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ ይባላል። ቅርፊቱ ሲቆስል የሚፈሰው ሙጫ የሚተን ዘይት፣ በአልኮል የሚሟሟ ክፍልና በውኃ የሚሟሟ ክፍል አለው። የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳቡት ቦስዌሊክ አሲዶች የሚገኙት በአልኮል በሚሟሟው ክፍል ነው። እነዚህ አሲዶች እብጠትና ሕመም በማስነሳት ሂደት ውስጥ የሚሳተፈውን 5-ሊፖክሲጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሚገቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በቤተ ሙከራ ታይቷል። የኢትዮጵያው ዝርያ በእነዚህ አሲዶች የበለጸገ ነው።

በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ከሕንዱ ዘመዱ፣ ከቦስዌሊያ ሴራታ፣ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የሕንድ ጥናት የጉልበት አንጓ ሕመም ያለባቸውን 30 ሰዎች ተከታትሎ፣ ንጥሩን ሲወስዱ ሕመማቸው እንደቀነሰ ዘግቧል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ዝርያውም ሌላ ነው። ውጤቱን እንዳለ ለመተማው እጣን መስጠት አይቻልም።

በእንፋሎት የሚነጠረው ዘይት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ቦስዌሊክ አሲዶች ከባድ ሞለኪውሎች በመሆናቸው ከእንፋሎት ጋር አይወጡም፤ የፓፒሪፈራ ዘይት በአብዛኛው ኦክታይል አሲቴት ነው። ስለዚህ በንጥሩ የተገኘን ውጤት ጠቅሶ ዘይቱን ለመገጣጠሚያ ሕመም መሸጥ ገዢውን ማሳሳት ነው።

ስለ ጭሱ የሚጠቀሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት ነው። ኢንሰንሶል አሲቴት የተባለ የእጣን ውህድ የተሰጣቸው አይጦች ጭንቀታቸው ቀንሶ ታይቷል። እጣን ሲጤስ መንፈስን ያረጋጋል ለሚለው ልማዳዊ አባባል ይህ ፍንጭ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አይጦቹ የተሰጣቸው ለብቻው የተለየ ውህድ ነው፣ ጭስ አይደለም። ጭሱ ደቃቅ ብናኝ፣ ከሥሩ ያለው ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። መስኮቷ በተዘጋ አንዲት ክፍል ውስጥ አስም ላለበት ሕፃን እጣን ማጤስ፣ ለፈውስ ተብሎ ቢደረግም፣ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል።

የፓፒሪፈራን ንጥር በሰው ላይ ለሚፈትን ተመራማሪ ሁለት ነጥቦች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው፣ ቦስዌሊክ አሲዶች በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰዱ ግን መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በጾም ወቅት የሚካሄድ ሙከራ ይህን ካልመዘገበ ውጤቱ ይዛባል። ሁለተኛው የሙጫው ምንጭ ነው፤ በገበያ የቦረናና የኦጋዴን የሚባሉት እጣኖች ከሌሎች ዝርያዎች የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከሱቅ የተገዛ ናሙና ዝርያው ሳይለይ ወደ ሙከራ መግባት የለበትም።